ማሽን ከመላካችሁ በፊት «አይወጣም» የሚል ሰው ፈልጉ

በየክረምቱ ለእረፍት የምትመጡ ወገኖች ፒያሳ ቡና ስንጠጣ የምትነግሩኝ ነገር አንድ ዓይነት ሆኗል። «ሹራብ ማምረቻ ልከፍት ነው፤ ማሽኑ ከቻይና ታዝዟል፤ የወንድሜ ልጅ ይመራዋል።» ስለ ማሽኑ ዋጋ ግማሽ ሰዓት ታወራላችሁ። ከማሽኑ የሚወጣውን ሹራብ ማን አይቶ እንደሚያሳልፈው ስጠይቃችሁ ግን «እሱማ ሠራተኞቹ ያዩታል» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ሠራተኞቹ አያዩትም። በቁጥር የሚከፈለው ሰው የራሱን እንከን ቢያይ እንኳ አይናገርም፤ ምክንያቱም የሚናገረው ከራሱ ደመወዝ ላይ ነው።

እኔ 22 ዓመት ፍራንክፈርት ኖሬ፣ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወረድ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ስድስት ማሽን ተክዬ ነበር። ዛሬ አንዱም የእኔ አይደለም። ብቆጣ አትፍረዱብኝ።

1. ወረቀት

ቢጫ ካርድ (ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን መታወቂያ) አውጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ለመሥራት ያስችላችኋል። ንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ ቁጥሩን በራሳችሁ ስም አስወጡ። ስለ ወረቀት ይህ ይበቃል።

2. ማሽን

የሹራብ ማሽን የሚመረጠው በጌጅ ነው። ጌጅ ማለት በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የተደረደሩ መርፌዎች ብዛት ነው። 7 ጌጅ ወፈር ያለ ሹራብ ይሠራል፣ 12 ጌጅ ሳሳ ያለ። መጀመሪያ መርካቶ ገብታችሁ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋው ክር የትኛው እንደሆነ እዩ፤ ማሽኑን ከዚያ በኋላ እዘዙ። ቀጭን ክር የሚፈልግ 14 ጌጅ ማሽን ገዝቶ የመጣ ሰው አውቃለሁ። ያገኘው ክር ወፈረበትና መርፌው በየቀኑ ይሰበር ጀመር። መለዋወጫ መርፌ ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ግዙ። የመርፌው ምላስ ሲጣመም ወይም ሲሰበር ማሽኑ አይቆምም፤ የተበላሸ ሹራብ እያወጣ መሥራቱን ይቀጥላል።

3. ክር

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ክር የሚገዛው በቀለሙ ስም አይደለም። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ቁጥር አለ፤ «ሎት» ይባላል። አንድ ቁጥር ያላቸው ጥቅሎች በአንድ ጊዜ አብረው የተነከሩ ናቸው። ቁጥራቸው ከተለያየ፣ ሻጩ ሁለቱንም «ጥቁር ሰማያዊ» ቢላቸው እንኳ አንድ ቀለም ናቸው ብላችሁ እንዳታምኑ። ለአንድ ትእዛዝ የሚበቃውን ክር በሙሉ ከአንድ ሎት ግዙ፤ ለብልሽት የሚሆንም ጨምሩበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ትንሽ ጎደለን» ብላችሁ ብትመለሱ ያ ሎት ተሽጦ ያልቃል።

ቀለምን ደግሞ በአምፖል አታመሳክሩ። ሁለት ክሮች ማቅለሚያቸው ከተለያየ፣ በመብራት ሥር አንድ መስለው ፀሐይ ላይ ሲወጡ ሊለያዩ ይችላሉ። የቀን ብርሃን ወዳለበት አውጥታችሁ ጎን ለጎን እዩአቸው።

ሌላው ሚዛን ነው። የወጥ ቤት ሚዛን፣ ግራም የሚያነብ፣ ይበቃል። ከአንድ ማሽን በአንድ መጠን የሚወጡ ደረቶች (የሹራቡ የፊት ቁራጮች) ክብደታቸው መቀራረብ አለበት። ማሽኑ ክሩን ሲያላላ እያንዳንዱ ቀለበት ብዙ ክር ይበላል፤ ደረቱ ይረዝማል፣ ይከብዳል። ሲያጠብቅ ያጥራል፣ ይቀላል። ዓይን ያላየውን ሚዛኑ ይነግራችኋል፤ በሴንቲ ሜትር ከመለካትም ይፈጥናል፣ የተለጠጠ ጨርቅ ሜትሩን ያታልላልና። (ከኅዳር ጀምሮ ባሉት ደረቅ ወራት አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ይነዝራልም። የጨርቅ መመርመሪያ ቤቶች አየሩን በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና በ65 በመቶ እርጥበት የሚጠብቁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ወለሉን ውኃ እናርከፈክፍ ነበር።)

4. «አይወጣም» የሚል ሰው

አንዲት ልጅ ነበረችን። ብዙ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የሠራች ናት፤ ንግግሯ ጥቂት ነበር። ጠረጴዛዋን መስኮቱ ሥር አደረገች። ሹራቡን ታነሣና ሁለት እጇን ከውስጥ ከትታ፣ ጣቶቿን ዘርግታ፣ ወደ ብርሃኑ ትይዘዋለች። የተዘለለ ቀለበት ካለ ብርሃኑ በመርፌ ቀዳዳ እንደሚገባ ሆኖ ይታያል። እዚያው ላይ ቀይ ክር ታስራለች። ያ ቀዳዳ ዛሬ ካልተያዘ ከሁለት እጥበት በኋላ ቁልቁል ይተረተራል።

ያስተማረችኝን ልንገራችሁ። እንከኑ በአንድ መስመር ቁልቁል ከወረደ መርፌውን ጠርጥሩ፤ አግድም ከሄደ ክሩን። ቁልቁል መስመር ያለበት ሹራብ ሲመጣላት ከጠረጴዛዋ ተነሥታ ወደ ማሽኑ ትሄዳለች፣ መርፌዎቹን በጥፍሯ እየነካካች ምላሱ የተጣመመውን ታወጣዋለች። ማሽኑ ለአሥር ደቂቃ ይቆማል። የእህቴ ልጅ፣ ሥራውን የሚመራው እሱ ነበር፣ በዚያች አሥር ደቂቃ ይናደድ ነበር። ካውያ የሚተኩሰውንም አትለቀውም። አክሪሊክን ለጥጠው እንፋሎት ሲያበዙበት ጨርቁ ይሞታል፤ መጠኑ የደረሰ ይመስላል እንጂ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አይሰበሰብም። መርፌ ሲሰበር ደግሞ ስብርባሪው በሙሉ ተለቅሞ ወረቀት ላይ ካልተለጠፈ አዲስ መርፌ እንዳይሰጥ ታደርግ ነበር። የቀረችው ቁራጭ የልጅ አንገት ላይ ልትገኝ ትችላለች።

አንድ ዓመት፣ ለአንድ ትምህርት ቤት 960 ሹራብ ተቀበልን። መጨረሻው ላይ ክር ጎደለ፤ የእህቴ ልጅ ሮጦ ከሌላ ሎት ገዛ፣ የቀሩት እጅጌዎች በእሱ ተሠሩ። ጳጉሜን ላይ ሹራቡ ታጥፎ ሲያልቅ ልጅቷ ለምርመራ 80 መዘዘች። ይህ ከራሷ ያመጣችው ቁጥር አይደለም፤ ዓለም የሚሠራበት የናሙና ሠንጠረዥ ከ501 እስከ 1,200 ለሚደርስ ዕቃ በተለመደው ደረጃ 80 ይላል፤ በ2.5 የጥራት ገደብ (ስንት እንከን እንደሚታለፍ የሚወስነው ደረጃ ነው) እስከ 5 እንከን ካለ ያልፋል፣ 6 ከሆነ ይመለሳል። እሷ 11 አገኘች። ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ እጅጌውና ደረቱ አይገናኝም። በመስኮት አይቼዋለሁ። አይወጣም።»

እኔ እዚያው ፍራንክፈርት ከሥራ ወጥቼ ባቡር እየጠበቅሁ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ቀናት ቀርተውታል፣ ቀሪው ክፍያ ተይዟል፣ የቤት ኪራይ ደርሷል። «ልጆች ናቸው የሚለብሱት፣ ማን ያየዋል? ይውጣ» አልኳት። በዚህ አፌ ነው ያልኩት። ልጆች ናቸው የሚለብሱት አልኩ፤ ልጆች ስለሚለብሱት ይበልጥ መጠንቀቅ ሲገባኝ።

መስከረም ላይ ልጆቹ ባንዲራ ሊሰቅሉ ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። ደረታቸው ሰማያዊ፣ የአንዳንዶቹ እጅጌ ወይን ጠጅ የሚመታ። ከወላጆች አንዷ ፎቶ አንሥታ ልካለች፤ እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ። ከፊት የቆመች አንዲት ትንሽ ልጅ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋለች። ምናልባት ብርድ ይሆናል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር እጅጌዋን የደበቀች ይመስለኛል። ሹራቡ ተመለሰ፣ ገንዘቡን መለስን፣ በዓመቱም ያ ትምህርት ቤትም ሆነ ጎረቤቱ ያለው ሌላው አልመጡም።

ልጅቷ አልተጣላችኝም። ለገና ስመጣ መቀሷንና የቀይ ክሯን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ ካላመኑኝ ለምን እዚህ አስቀመጡኝ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄደች።

እንግዲህ ስሙኝ! እንዲህ ዓይነት ሰው ስታገኙ በወር ክፈሏት እንጂ በቁጥር አትክፈሏት። ተጠሪነቷ ለእናንተ ይሁን፤ ምርት ለማድረስ የሚጣደፈው ሰው አለቃዋ ከሆነ ድካሟ ከንቱ ነው። ያየችውን በየቀኑ ትጻፍ፦ ስንት ታየ፣ ስንት ተመለሰ፣ ከየትኛው ማሽን። ሹራቡ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ብቻ ሳይሆን ደረትና ጀርባው ገና ሳይገጣጠም ትየው፤ የተበላሸ ደረት ክሩ ተተርትሮ ይዳናል፣ የተሰፋ ሹራብ ግን አብሮት አንገቱም እጅጌውም ይሞታል። እሷ ያቆመችውን ትእዛዝ ማንም አያስወጣ። ማንም ስል ስልክ የያዛችሁትን እናንተን ነው። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ያለችበትን መስኮት አታዩትም።

5. ዘመድ

የእህቴን ልጅ አልወቅሰውም። ክር አይቶ የማያውቅ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ እናቱን ደስ ላሰኝ ብዬ። ዘመድ መርዳት ከፈለጋችሁ በየወሩ ላኩለት፣ የላካችሁትንም እርዳታ ነው በሉት። ለእርዳታ ያሰባችሁትን ብር ማሽን አድርጋችሁ ስትልኩት እሱም አይጠቀም፣ ማሽኑም ዝገት ይበላዋል፣ እናንተም እኅትማማችነታችሁንና ወንድማማችነታችሁን ታጣላችሁ። እኔና እህቴ ለሦስት ዓመት ፋሲካን ለየብቻ ውለናል።

ማሽኑ ታዝዟል፣ መንገድ ላይ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አሁን የቀራችሁ ቤት መከራየት ነው። ስትከራዩ ግቢውን ወይም በሩን ሳይሆን መጀመሪያ መስኮቱን እዩ፤ የእሷ ጠረጴዛ የሚቆመው እዚያ ሥር ነው።