መልስ፦ ለሽንኩርት መስኖ የናፍጣ ፓምፕ ወይስ የቤንዚን?

ወንድሜ፣ ለአንድ ሄክታር ሽንኩርት የናፍጣ ፓምፕ ልግዛ ወይስ የቤንዚን ብለሃል። በየቀኑ ለረጅም ሰዓት የምታስነሳው ከሆነ ናፍጣ ግዛ። የናፍጣ ሞተር አየሩን ወደ 20 እጥፍ ገደማ ጨምቆ በዚያ ሙቀት ነው ነዳጁን የሚያቀጣጥለው። ቤንዚኑ የሚጨምቀው ከ8 እስከ 10 እጥፍ ነው። ለተመሳሳይ ሥራ ናፍጣው ትንሽ ነዳጅ የሚጠጣው ለዚህ ነው። ካንዴላም (ብልጭታ ሰጪው) ካርቡሬተርም (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) የለውም።

ችግሩ ክብደቱ ነው። 6 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ለብቻው 16 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ናፍጣው እጥፍ ይሆናል። ማታ ማታ ቤት የምታስገባው ከሆነ (ሌባ መቼም የትም አለ) ሁለት ሰው ያስፈልግሃል። ዋጋውም ወደድ ይላል። ነዳጁ ሙልጭ ብሎ ካለቀ መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ሳታስወጣ አይነሳም። ቆሻሻ ናፍጣ ደግሞ ፖምፓውን (ናፍጣውን የሚገፋውን) እና ኖዝሉን (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን) ይበላቸዋል፤ ያኔ ወጪው ያማል።

በሳምንት ሁለቴ ለጥቂት ሰዓት ከሆነ ግን ቤንዚኑ ይበቃሃል። ክረምት ላይ ስታስቀምጠው ካርቡሬተሩን አድርቀው፣ የቆየ ቤንዚን ቀዳዳውን ይደፍናል።

ለመሆኑ ከውሃው እስከ ፓምፑ ሽቅብ ከፍታው ስንት ሜትር ነው? ከ7 ሜትር ካለፈ፣ በተለይ ደጋ ከሆንክ፣ የትኛውም ሞተር ውሃውን አይስብልህም።