በክራንች እየሄድኩ ማገልገል እችላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ አንድ እግሬ ስለተጎዳ በክራንች ነው የምሄደው። ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ዘንድሮ ለከተራ ከምንጣፍ አንጣፊዎቹ ጋር ልሰለፍ ብል አስተባባሪያችን «አንተ ተቀመጥና ጸልይልን» አለኝ። ሌሎች ደግሞ «እምነት ቢኖርህ ጠበሉ ያድንህ ነበር» ይሉኛል። እንዲህ ሆኜ ማገልገል አልችልም ማለት ነው? ዲቁናስ ለእኔ የማይታሰብ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ጠየቅከኝ። ከምንጣፉ ልጀምር።

ሥራው ቀላል አይደለም። ታቦቱ ሳይደርስ ይነጠፋል፤ ሲያልፍ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ጥቅሉን ትከሻ ላይ አድርጎ በሕዝቡ መሐል እየተሹለከለኩ ፊት መቅደም ነው። እስከ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ድረስ እንዲሁ ነው። ጤነኛውም ተገፍቶ ይወድቃል። አስተባባሪህ ለአንተ ሰግቶ ከሆነ አልፈርድበትም። ቅር ያለኝ «ጸልይልን» ያለው ነው። ጸሎት ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ሰውን ዞር ማድረጊያ ሰበብ ሲሆን ግን ያሳዝናል። በዚያ ቀን መዝሙር የሚመራ ይፈለጋል። የጠፋ ሕፃን ተቀብሎ ወላጅ የሚጠብቅ ይፈለጋል። የአንጣፊዎቹን ተራ የሚያስይዝም እንዲሁ። «ይህ ይከብድሃል» ያለ ሰው «ይኼኛውን ያዝ» ማለት ነበረበት።

ስለ ጠበሉ፦ ሂድ፣ ተጠመቅ፣ ሐኪምህንም አትተው። ያልዳንከው እምነት ስላነሰህ ነው የሚልህን ግን አትስማው። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ? እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ «እሱም አልሠራም፣ ወላጆቹም» ነው ያላቸው (ዮሐ. 9)። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ። የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር (2ቆሮ. 12)። ጳውሎስን እምነት ጎድሎት ነበር የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳን! ጢሞቴዎስም ቢሆን ሕመም የሚመላለስበት ሰው ነበር። ጳውሎስ ለሆዱ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው እንጂ «አገልግሎቱን ተውና ዕረፍ» አላለውም።

በ4ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ዲዲሞስ የሚባል ሰው ነበር። ዓይኑ የጠፋው ገና በ4 ዓመቱ ነው። ፊደል የለየው እንጨት ላይ ተቀርጾለት በጣቱ እየዳሰሰ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ የእስክንድርያው የታወቀ የሃይማኖት ትምህርት ቤት መምህር አድርጎ ሾመው። እዚህ አገራችንም ዓይነ ስውር የኔታ ብርቅ አይደሉም። ተማሪው ሲቀጽል ይሰማሉ፤ አንዲት ቃል ስትዛነፍ እዚያው ያቆሙታል።

መቆም ይከብደኛል ብለህ የምትሸማቀቅ ከሆነም አንድ ነገር ልንገርህ። ማሕሌት ላይ ሊቃውንቱን እያቸው፤ ሁሉም መቋሚያ ተደግፈዋል። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ሥጋ ይደክማል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ስለምታውቅ ነው መደገፊያ የሰጠቻቸው። አንተ ክራንችህን ብትደገፍ ወይም አረፍ ብትል የሚያሳፍር ነገር የለውም። ስግደቱንም ንስሐ አባትህ እንደ አቅምህ ይወስኑልሃል። ወገብህ ካልታጠፈ ራስህን ዝቅ አድርግ።

አንድ የምፈራልህ ነገር አለ። አንዳንዱ ሰባኪ «እሱ እንኳ በክራንች መጥቷል፣ እናንተ ግን…» እያለ ሌላውን መገሠጫ ያደርግሃል። ክፋት ላይሆን ይችላል፤ ግን ከአገልጋይነት አውጥቶ ማሳያ ዕቃ ያደርግሃል። ካልተመቸህ በትሕትና «ይቅርብኝ» በል። አንተም ብትሆን «እችላለሁ» ለማሰኘት ብለህ የማይሆን ሸክም አትሸከም።

ጎንደር ደግሞ ለአንተ የተመቸች አገር ናት። የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ አላት፤ ትርጓሜ ተቀምጦ ነው የሚሰማው። የሚጠይቅህ ጆሮ፣ ልቡና እና ትዕግሥት ነው። እስከዚያው ሕፃናቱን ሰብስበህ ውዳሴ ማርያም አስጠናቸው። አንድ የዐሥር ዓመት ልጅ «የሰኞውን ጨረስኩ» ብሎ ሲመጣልህ ታየዋለህ።

ዲቁናውን ሳላለባብስ ልንገርህ። ኦሪት ነውር ማለትም የአካል ጉድለት ያለበት ካህን መሥዋዕት እንዳያቀርብ ትከለክል ነበር። እሷም ብትሆን ከተቀደሰው እንጀራ እንዳይበላ አልከለከለችውም (ዘሌ. 21)። ነውር የሌለበት እውነተኛው መሥዋዕት ደግሞ ክርስቶስ ነው። በሐዋርያት ስም የተላለፈው ቀኖና አንድ ዓይኑ የጠፋ ወይም እግሩ የተጎዳ ሰው የተገባው ከሆነ ጳጳስ እንኳ ቢሆን ይሾም ይላል፤ የሚያረክሰው የነፍስ እድፍ እንጂ የአካል ጉድለት አይደለምና። ፈጽሞ ማየት ወይም መስማት ለተሳነው ጵጵስናን የሚከለክለውም ስለ ርኩሰት ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዳይሰናከል ነው። ስለዚህ ጥያቄው ንጹሕ ነህ አይደለህም አይደለም። ዲያቆን በቅዳሴ ረጅም ሰዓት ይቆማል፣ ንዋየ ቅድሳት ይዞ በመቅደስ ይመላለሳል። ይህን በደኅና መፈጸም ትችላለህ ወይ ነው ነገሩ። ያንን የሚያየውና የሚወስነው ሊቀ ጳጳሱ ነው፤ እኔም ሆንኩ አስተባባሪህ አይደለንም። መጀመሪያ ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከር፣ ትምህርቱን ጀምር፣ ከዚያ አብራችሁ ወደ ሀገረ ስብከቱ ሂዱ።