ክር ለምታቀልሙ ልጆቼ

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ ሐዋሳ ላይ ወጣቶች ቤታቸው ክር ሲያቀልሙ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ ግን ቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ቀለሙ ነው። እኔ ቀድሜ የምጠይቃችሁ ደግሞ ስለ ክሩ ነው።

ጥጥ ነው ወይስ የበግ ፀጉር? በኮምጣጤ የሚሠራው የአሲድ ቀለም የበግ ፀጉርና ሐር ላይ ጥሩ ይይዛል። ጥጥ ላይ ግን ስታጥቡት ይለቃል። «ጨውና ኮምጣጤ ጨምሩበት፣ አይለቅም» የሚሏችሁን አትስሙ። ለጥጥ የሚሆነው ከሶዳ አሽ (ከማጠቢያ ሶዳ) ጋር የሚሠራው፣ ከጥጡ ጋር በኬሚካል የሚጣበቀው ሪአክቲቭ ቀለም ነው። ዱቄቱ ሳንባ ይጎዳልና ያለ ማስክ አትክፈቱት። ያቀለማችሁበት ድስትም ወደ ምግብ አይመለስ።

እጥበቱን አደራ። ጥጥ በተፈጥሮው ሰም አለው፤ ሰም ያለበት ክር ደግሞ ቀለም አይጠጣም። ፈትሉን ከልቃቂቱ አውጥታችሁ ክብ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። እንዳይወሳሰብ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ከዚያ ሳሙናና ትንሽ ሶዳ አሽ ባለው ውሃ አንድ ሰዓት ያህል ቀቅሉት። ነጭ ነው ካላችሁት ክር የሚወጣው ውሃ ሻይ ሲመስል ታያላችሁ። ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከላይ ከቀረ ገና ነው፣ ድገሙት። ወዲያው ሰርጎ ከገባ ደርሷል። ዥጉርጉር የሆነ ክር ይዘው ከሚመጡልኝ ልጆች አብዛኞቹ ይቺን የዘለሉ ናቸው።

ከጓዳ መጀመር ለምትፈልጉ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ አለላችሁ። ለ100 ግራም ክር 100 ግራም ደረቅ ልጣጭ ይበቃል። የታጠበውን ጥጥ በሻይ ቅጠል ውሃ አሳድሩት፤ በማግስቱ 15 ግራም አሉም (ቀለም የሚያስይዝ ጨው) በሟሟበት ሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት። ከዚያ ልጣጩ በተቀቀለበት ውሃ ንከሩት። በሻይ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አሉሙን ይይዛል፣ አሉሙ ደግሞ ቀለሙን። ከወርቃማ ቢጫ እስከ ቡናማ ታገኛላችሁ። እርድ ያለ አሉምም ይይዛል፣ ያምራልም። ፀሐይ ግን አይችልም። ለጥለት አልመክረውም።

የጥለት ክር ለሸማኔ ከመስጠታችሁ በፊት አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሉትና አሳድሩት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከታየ እንደገና አለቅልቁ። ጥለቱ የለቀቀ ነጠላ የፈታዩንም የሸማኔውንም ድካም ገደል ይከታል።

ስለ ፍሳሹም ልንገራችሁ። የሐዋሳ ሐይቃችን «ጥቁር ውሃ» የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባበት ቆሻሻ የሚሄድበት የለውም። በ2008 ዓ.ም የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ እንኳ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ታስቦ ነው የተሠራው። እናንተም ከቦዩ ውስጥ አትድፉ። የአሉሙ ውሃ ትንሽ አሉም ከተጨመረበት ለሚቀጥለው ክር ያገለግላል። በቀለሙም ውሃ ቀለሙ እስኪያልቅ ሌላ ክር ንከሩበት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ የሚወጣው ፈዘዝ ያለ ቀለም፣ እኔን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ደስ ይለኛል።