ሳያምሽ ነይ

ልጆቼ፣ ዛሬ እስቲ ስሙኝ አቦ።

ድሬዳዋ ውስጥ ከ25 ዓመት በላይ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስንቱን ወሊድ ረስቼዋለሁ፣ አንዲት የሳቢያን ጎረቤቴን ግን አልረሳትም። የዛሬ 10 ዓመት ገደማ ቡና እየጠጣን «እኔም የማህፀን በር ምርመራ ላድርግ እንዴ?» አለችኝ። «የሚያምሽ ነገር አለ?» አልኳት። «ኧረ ምንም!» «እንግዲያው ካመመሽ ብቅ በይ» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ባለሙያዋ። ከጊዜ በኋላ ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ዕጣን ይጨሳል። ለቡናው መስሎኝ። ለካ የሚወርዳትን ፈሳሽ ሽታ የምትሸፍንበት ኖሯል። ደም ሲፈሳትም የማረጥ ነው ብላ ዝም ብላለች። ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ስትላክ በሽታው ፊኛዋ ጋ ደርሶ ነበር።

የማህፀን በር ካንሰር ሲጀምር አያምም። መንስኤው ኤችፒቪ የሚባል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንዴ ያገኘዋል፣ ሰውነትም ብዙውን ጊዜ ራሱ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ እፍረት የለውም፣ ማንንም «ባለጌ» አያሰኝም። ሳይጠፋ ከቆየ ግን ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ኤችአይቪ በደሟ ላለ ሴት ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊበቃው ይችላል። ይህን ሁሉ ዓመት ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል እኮ! እኛ ነን የማንሄደው።

ምርመራው ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም። በጀርባ መተኛት ነው። ማያ መሣሪያው ሲገባ ቀዝቀዝ ይላል፣ ትንሽ ይጨንቃል። ከዚያ የማህፀን በሩ በጥጥ አቸቶ ይቀባል፣ አዎ፣ ሰላጣ ላይ የምናደርገው ዓይነት ቀጠን ያለ አቸቶ። አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። ጤነኛው ቦታ ሮዝ እንደሆነ ይቀራል፣ የተለወጠው ነጭ ይሆናል። ውጤቱ እዚያው ይነገራል፤ ነጩ ቦታ ለሕክምናው የሚመች ከሆነ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይወገዳል፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን። የወር አበባ ላይ አለመሆን ብቻ ነው። ሴት ባለሙያ ትየኝ ማለትም ይቻላል፣ አትፈሩ።

ከ9 እስከ 14 ዓመት ያለች እህት ካለቻችሁ የኤችፒቪ መከላከያ ክትባቱ አይለፋት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሀገራችን ውስጥ ይሰጣል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው፤ ኤችአይቪ ያለባት ቀደም ብላ ትጀምራለች። አንቺ 20 ዓመትሽ ከሆነ ገና ነሽ፣ ለእናትሽና ለአክስትሽ ግን ጊዜው አሁን ነው። እናቶቻችን ለልጅ ሳል ሌሊት ይሮጣሉ፣ ለራሳቸው ሲሆን «እኔ ምን ሆንኩና!» ይላሉ። እናትሽን አትከራከሪያት። ወንዶችም ብትሆኑ ዝም አትበሉ፣ ባጃጁን ጥሩላት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ የድሬ ፀሐይ ሳይከር፣ አብረሻት ሂጂ። ነጠላዋንና ቦርሳዋን ተቀብለሽ በሩ አጠገብ ተቀመጪ፣ እስክትወጣ።