ለዓይነ ስውር ፕሮግራመር አዲስ ኤዲተር ከመሥራታችሁ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ ሰማሁት። ኮምቦልቻ ሶፍትዌር ትማሪያለሽ፤ ከጓደኞችሽ ጋር ለመመረቂያ ፕሮጀክት «ለዓይነ ስውራን ፕሮግራመሮች የሚሆን ኮድ ኤዲተር» (ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ልትሠሩ አስባችኋል፤ «ምን ምን ፊቸር ይኑረው?» ነው ያልሽው። እኔ ማየት አልችልም፣ ደሴ ተቀምጬ በኮድ ነው እንጀራዬን የምበላው። እንግዲህ ዓይኔን ጨፍኜ ልምከርሽ፦ አዲስ ኤዲተር አትሥሩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አብሬ የምሠራቸው ልጆች ያያሉ። ቪኤስ ኮድ የሚባለውን ኤዲተር ይጠቀማሉ፣ እኔም እሱኑ እጠቀማለሁ። «ላይን 40ን እየው እስኪ» ሲሉኝ ኮንትሮል ጂ ነክቼ፣ 40 ጽፌ፣ እዚያው ነኝ። ኤፍ8 ስነካ ቀጣዩ ኤረር ላይ ይጥለኛል። ኤረር ያለበት መስመር ላይ ስደርስ ድምፅ ያሰማኛል። ለብቻዬ የተሠራ ኤዲተር ብትሰጪኝ ግን ከቡድኔ ትነጥይኛለሽ። ደግሞ ተመርቃችሁ በየአቅጣጫው ስትበተኑ ማን ያድሰዋል?

ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደሬ፣ ኤንቪዲኤ ነው። ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን፣ ማይክል ከራንና ጄምስ ቴህ፣ ያቆሙት ነው፤ ሥራው የተጀመረው በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ አብዛኛው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። ከውስጡ ያለው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ ኢንተርኔት አይፈልግም። ይህን ልብ በሉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ መሣሪያ ለእኛ አገር አይሆንም። (መብራት ሲሄድ እንኳ እኔ ነኝ የምጠቀመው፤ የስክሪኑን ብርሃን ዜሮ አድርጌ ስሠራ ባትሪዬ ከጓደኞቼ ላፕቶፕ ይበልጥ ይቆያል።)

ኮድ እንዴት እንደምሰማ ልንገርሽ። «ፎር ስፔስ፣ ኢፍ ኤክስ ኢኩልስ ኢኩልስ ፋይቭ ኮለን» ይለኛል፤ እንደ ታክሲ ረዳት እያጣደፈ። «ፎር ስፔስ» ያለው ኢንደንቱን ነው፤ መስመሩ ከግራ ጠርዝ ምን ያህል ገባ ብሎ እንደሚጀምር ማለት ነው። ፓይተን ላይ ያቺን ካልሰማሁ አለቀልኝ፣ የትኛው መስመር በየትኛው ውስጥ እንዳለ አላውቅም። ኤንቪዲኤ ይህን በንግግር ብቻ ሳይሆን በቃና ጭምር ይነግራል፤ ኢንደንቱ በጠለቀ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። እኔ ቃናውን ነው የመረጥኩት፣ ጆሮዬን ለቃላቱ ያስቀርልኛል። ሰው ሁሉ ግን እንደኔ አይደለም፤ ስለዚህ ምንም ብትሠሩ የሚዘጋና የሚከፈት አድርጉት። ብዙ የሚያወራ መሣሪያ ከማያወራው ይብሳል።

ታዲያ ምን ቀረ? አማርኛ! እዚህ ላይ ነው ውሃ የሚያነሳ ፕሮጀክት ያለው። ልጆቹ ኮሜንት (ኮዱ ውስጥ ለሰው የሚተው ማስታወሻ) በአማርኛ ይጽፋሉ፣ ተጠቃሚ የሚያየው ጽሑፍም አማርኛ ነው። ኤንቪዲኤ ቋንቋ ሲቀየር ድምፅ መቀየር ይችላል፤ ግን ጽሑፉ ላይ ቋንቋው የቱ እንደሆነ ሲጠቆም ነው። ኮድ ፋይል ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥቆማ የለም። በእንግሊዝኛ ድምፅ ላይ ሆኜ አማርኛ ኮሜንት ሲገጥመኝ የሚወጣው ነገር ለጆሮ አይሆንም፣ ድምፁን በእጅ ልቀይር ስል ደግሞ ሐሳቤ ይበተናል። ኢስፒክ የአማርኛ ድምፅ አለው፤ ብዙ አያምርም ግን ይገባል። ስለዚህ የኤንቪዲኤ አድ-ኦን (በላዩ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ሥሩልን፦ የግዕዝ ፊደል ሲያይ ወደ አማርኛ ድምፅ የሚሻገር፣ ፊደሉ ሲያልቅ የሚመለስ። አድ-ኦኑም በፓይተን ነው የሚጻፈው፣ ለእናንተ አይከብድም።

በዚያው ላይ አንዲት ነገር ጨምሩበት። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ሰው ኮለን (:) ሲጽፍ የእኛው ሁለት ነጥብ (፡) ትገባለች። ፓይተን አይቀበላትም። የሚያየው ልጅ ግን «ኮለኑ ይኸው አለ አይደል እንዴ!» እያለ ፀጉሩን ይነጫል፣ ለዓይን አንድ ናቸውና። አድ-ኦናችሁ «የግዕዝ ሁለት ነጥብ» ብሎ ቢናገር የሚያዩትም እኔን ይጠሩኝ ነበር።

«የለም፣ መስኮትና በተን ያለው ነገር ነው የምንሠራው» ካላችሁ ቲኬ ኢንተር ከሚባለው የፓይተን መስኮት መሥሪያ ሽሹ። ክፍል ውስጥ የተማራችሁት እሱን ሳይሆን አይቀርም፤ ግን በተኖቹ ለስክሪን ሪደር ማንነታቸውን አይናገሩም፣ ለእኔ ባዶ መስኮት ነው። ደብሊውኤክስ ፓይተን የሚባለው ሌላው መስኮት መሥሪያ ይሻላል፤ የኤንቪዲኤ የራሱ መስኮቶች የተሠሩት በእሱ ነው።

ሙከራውን በተመለከተ፣ ዓይናችሁን በጨርቅ አስራችሁ አትሞክሩ፤ የምታውቁት ነገር ፍርሃት ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስክሪን ሪደር የለመዱ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ፈልጉ። አብዛኞቹ ሕግ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ላይ ስለሆኑ ኮድ ላያውቁ ይችላሉ፤ የቱ ድምፅ እንደሚያሰለች ግን ከእናንተ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። እናንተ ራሳችሁ ስትሠሩ ኤንቪዲኤ ላይ «ቱልስ» ውስጥ «ስፒች ቪውወር» አለ፤ የሚናገረውን በጽሑፍ ያሳያችኋል። የመጀመሪያውን ስሪት ስትጨርሱ ለእኔም ላኩልኝ። መመሪያውን ግን በስክሪንሾት እንዳትሞሉት፣ አደራ።