በተደጋጋሚ ስለሚታይ የጎርፍ ሕልም

«ጎርፍ ቤቴን ሲያጥለቀልቀው ለወራት በሕልሜ አያለሁ፤ የሚመጣ አደጋ ምልክት ይሆን?» ላሉት፣ አይደለም። እንዲህ ያለው ሕልም አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ ስሜቱ ነው፤ ቀን ከአቅምዎ በላይ የሆነብዎት ነገር ሌሊት ሊገቱት የማይችሉት ኃይል ሆኖ ይታይዎታል። የእንቅልፍ ተመራማሪው ኧርነስት ሃርትማን፣ ከእሳት አደጋ የተረፉ ሰዎች ከእሳቱ ይልቅ ግዙፍ ማዕበል ሲወስዳቸው ማለማቸውን ለዚህ በአስረጅነት ያነሣ ነበር።

ስለዚህ የጎርፍን ፍቺ ከመፈለግ ይልቅ ሲባንኑ የተሰማዎትን ያስተውሉ፤ ራስዎን ማዳን ነው ያቃተዎት ወይስ ሌላ ሰው? (የሕልም መፍቻዎች ይህን ልዩነት ብዙም አይጠይቁም።) ከዚያም ሕልሙን ጽፈው መጨረሻውን እንደ ፈቀዱ ይለውጡት፤ ለምሳሌ ውሃው ደፉ ላይ ደርሶ ይመለስ። አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በዓይነ ሕሊናዎ ይመልከቱት። ይህ ባለሙያዎች ለተደጋጋሚ ቅዠት የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እኔ የመሬት መንቀጥቀጥ ሕልሜን፣ የግድግዳው ስንጥቅ እንኳ ሳይቀረኝ፣ አልጋ ላይ ሆኜ እጽፍ ስለ ነበር ይብስብኝ ነበር፤ የቀለለኝ ጽሑፉን ወደ ቀን ሳዛውረው ነው። ጎርፉን በእውን አይተውት ከነበረ ግን ብቻዎን ሳይሆን ከባለሙያ ጋር ይጀምሩ።