ክሊቭ ማለት መፍለጥ ነው ወይስ መጣበቅ?

እህቴ፣ «ክሊቭ የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ መዝገበ ቃላት ላይ መፍለጥም መጣበቅም ይላል፤ የቱን ልያዝ?» ብለሻል። ሁለቱንም ያዢ። እኔንም አንዴ ጉድ ሠርቶኛል።

አሜሪካ እንደገባሁ ሬስቶራንት ወጥ ቤት ነበር የምሠራው። አጥንት የምንከተክትበት ሰፊና ከባድ ቢላ ነበረን፤ ስሙ ክሊቨር ነው። ስለዚህ ክሊቭ ማለት መፍለጥ ነው ብዬ ዘጋሁት። በኋላ አንድ ሰርግ ላይ ፓስተሩ በድሮ እንግሊዝኛ እያነበበ፣ ሰው አባቱንና እናቱን ትቶ ሚስቱን «ክሊቭ» ምናምን አለ። ክው አልኩ። ገና ቬሎዋን ሳታወልቅ ሊፈልጣት ነው? ቤት ገብቼ ዘፍጥረት 2፥24ን ገለጥኩ፤ የኛው «በሚስቱም ይጣበቃል» ይላል። የተነበበው በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም ነበር።

ለካ ድሮ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በጥንቱ እንግሊዝኛ መፍለጥ ክሌዮፋን፣ መጣበቅ ክሊፊያን ይባል ነበር። ድምፃቸው እየተቀራረበ ሄዶ አንድ ሆኖ ቀረ። ፈላጩ «መቅረጽ» ከሚለው የግሪክ ግስ ጋር ይዛመዳል፤ ሃይሮግሊፍ (የጥንት ግብፃውያን የሥዕል ጽሕፈት) ውስጥ ያለው «ግሊፍ» ከዚያ ነው። ተጣባቂው ደግሞ የክሌይ፣ የሸክላ ጭቃው፣ ዘመድ ነው። በክረምት ጫማውን ያጠበ ሰው ዝምድናው ይገባዋል።

ስታነቢ «ክሊቭ ቱ» ካየሽ መጣበቅ ነው። ያለ «ቱ» ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ መፍለጥ ነው። ስታወሪ ግን ባትጠቀሚበት ይሻላል፤ ሰዉ ስፕሊትና ስቲክ ነው የሚለው። የፈላጩ ልጆች ግን ዛሬም በየቦታው አሉ። የከብት የተሰነጠቀ ሰኮና ክሎቭን ነው፤ ልጅ ይዞት የሚወለደው የተሰነጠቀ ላንቃ ደግሞ ክሌፍት። ቦታቸውን አታቀያይሪ።

የነጭ ሽንኩርት ፍንካች ክሎቭ የሚባለውም ከዚሁ ከመሰንጠቅ ወገን ነው። ችግሩ ቅርንፉድም ክሎቭ ይባላል! እሱ የመጣው ምስማር ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ አንዱን ፍሬ መዳፍሽ ላይ አድርገሽ እዪው፣ ከነራሱ ቁርጥ ምስማር። ይህን ሳላውቅ ነው ሼፉ «ስድስት ክሎቭ ሾርባው ውስጥ» ሲለኝ ስድስት ቅርንፉድ ቆጥሬ የጨመርኩት። ያን ቀን ሾርባው ሻይ ሻይ ሲል ዋለ።